ምስጥ ዋስ የሆነ ጊዜ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ በሉ። የሚያስለው አሁን ይሳል፣ ውኃ የጠማውም አሁን ጠጥቶ ይምጣ። መሃል ላይ «ከዚያስ? ከዚያስ?» እያለ የሚያጣድፈኝ ካለ ትቼው እነሳለሁ። ባለፈው ጊዜ እንዲያ ስታደርጉኝ አንበሳውን ገደል አፋፍ ላይ ትቼው ሄድኩ፤ እስካሁን እዚያው ቆሟል።

ድሮ ነው። እንስሳ ከሰው ጋር የሚነጋገርበት፣ እንጨትም ድንጋይም ሆዱ ውስጥ ያለውን አውጥቶ የሚናገርበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን እትዬ ትርንጎ የምትባል ሴትና አያ ደምለው የሚባል ባሏ በአንድ የሣር ቤት ይኖሩ ነበር። ቤቱ መሃሉ ላይ አንድ ወፍራም ምሰሶ አለው። ጣራውን የተሸከመው እሱ ነው። ምሰሶው ካለ ቤቱ አለ፣ ምሰሶው ከሌለ ቤቱ የለም። ይህን ያዙልኝ፤ ሁለተኛ አልናገርም።

ባልና ሚስቱ ስንዱ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ስንዱ ሩቅ አገር ተድራ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እንደ አገሩ ወግ ደግሞ የበኩር ልጅ የሚወለደው በሴቲቱ እናት ቤት ነው። «ክረምቱ ሳይገባ እመጣለሁ» ብላ ላከች። እትዬ ትርንጎ ይህን ከሰማች ወዲህ እረፍት የላትም። ማሩን በማሰሮ ሞላች፣ ቅቤውን በቅል አደረገች፣ የገንፎውን እህል አዘጋጀች፣ ጓሮዋን ጎመን ተከለች፣ ለአራሷ የሚታረዱ ዶሮዎች ማርባት ጀመረች። «ልጄ የምትተኛበት ቤት ንጹሕ ይሁንልኝ፣ የልጅ ልጄ በዚህ ጣራ ሥር በደህና ይወለድልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች።

ሌላ ምንም አልፈለገችም። እንግዲህ ይህች ሴት ብዙ ጠየቀች ትላላችሁ?

አንድ ቀን የማሩን ማሰሮ ብትከፍት ውስጡ ጥቁር ነገር ይርመሰመሳል። ትናንሾቹ ጥቁር ጉንዳኖች ናቸው፤ እነዚያ ከግድግዳ ስንጥቅ ወጥተው ጣፋጭ ወዳለበት ተሰልፈው የሚሄዱት።

«ማሬ ውስጥ ምን ትሠራላችሁ?» አለች።

«እየቀመስን ነው እትዬ» አለች አንዷ፣ እግሯ ማሩ ላይ ተጣብቆ።

«ማን ቅመሱ አላችሁ?»

«ክዳኑ አልገጠመም ነበር። ክፍት ነው ብለን ገባን።»

«ክፍት በተገኘበት ሁሉ ይገባል?»

«አዎ» አለች ጉንዳኗ። እውነቷን ነው፤ ጉንዳን ሌላ መልስ የለውም።

እትዬ ትርንጎ እያጉረመረመች ማሩን በጨርቅ አጠለለች፣ ክዳኑን በሊጥ አሸገች። ከዚያ ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጣች። ጎመኑ ተኮማትሯል። ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርገው ከሥሩ ክሽክሽ ፈልቶበታል፤ ያ የቅጠል ውኃ የሚመጠው ደቃቃ ተባይ ማለቴ ነው። በክሽክሹ መሃል ደግሞ ቀያይ ጉንዳኖች ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«እናንተስ ደግሞ ምን ቤት ናችሁ?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ እያለብን ነው» አለች ቀይዋ ጉንዳን።

«ምኑን ነው የምታልቡት?»

«ክሽክሾቹን ነዋ! ላሞቻችን እኮ ናቸው። እነሱ የጎመንዎን ውኃ ይጠጣሉ፤ እኛ ጀርባቸውን ዳሰስ ስናደርጋቸው ጣፋጭ ጠብታ ይሰጡናል። አንዱ ቅጠል ሲደርቅባቸው ተሸክመን ወደ ሌላው እናዛውራቸዋለን።»

«በኔ ጎመን ላይ በረት ሠርታችኋል!»

«ግጦሹ ጥሩ ነው» አለች ቀይዋ። አላፈረችም።

እትዬ ትርንጎ በዚህ ተናዳ ሳትጨርስ ገብረ ጉንዳን መጣ። ገብረ ጉንዳንን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የማታውቁም በባታችሁ ሲወጣ ታውቁታላችሁ። እንደ ጠፍር ረዝሞ በአንድ መስመር ይመጣል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ የነከሰውን አይለቅም። በፊት ለፊት በር ገባና ቤቱን ሞላው። ባልና ሚስት ልብሳቸውን እያራገፉ ደጅ ወጥተው ቆሙ። ገብረ ጉንዳን በረሮውንም፣ ቁንጫውንም፣ የአይጡንም ግልገል ጠራርጎ በላ። እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር አላለውም። ሲወጣ ግን በዶሮ ቤቱ በኩል ወጣና ጫጩቶቹን አንድ ሳያስቀር ጨረሳቸው።

«ጫጩቶቼን!» ብላ ጮኸች።

«መንገዳችን ላይ ነበሩ» አለ የገብረ ጉንዳኖቹ አለቃ፣ ሳይቆም።

«ምን መንገድ ላይ? ቤታቸው ውስጥ ነበሩ እንጂ!»

«ቤቱም መንገዳችን ላይ ነበር» ብሎ አለፈ።

እትዬ ትርንጎ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«የስንዱ አባት!» አለች። «በቃኝ! አንጀቴ አረረ! ልጄ ማር ብትል ጉንዳን፣ ጎመን ብትል ጉንዳን፣ ዶሮ ብትል ጉንዳን ላበላት ነው? ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ ልውጣ!»

አያ ደምለው ሽምግልና የሚወድ ሰው ነው። ሚስቱ ወጡን ጨው ብታበዛበት እንኳ ሽማግሌ ይጠራል። «ረጋ በይ፣ በሽማግሌ ይታይ» አላት።

«ጉንዳን በሽማግሌ?»

«በሽማግሌ የማያልቅ ነገር የለም» አለ። እንዲህ የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል፤ አግብቼዋለሁ።

ሽማግሌዎቹ ከቤቱ ፊት ለፊት ሾላው ሥር ተቀመጡ። ሰብሳቢው አባ ኤሊ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚናገር አዋቂ ይባላል። በቀኙ ጃርት ተቀመጠ። የሰው ድንች ሲቆፍር የሚኖረው ጃርት እንዴት ሽማግሌ እንደሆነ እኔን አትጠይቁኝ። በግራው ቁራ ነው። አዋልዲጌሳም «እኔም ልቀመጥ» ብሎ መጥቶ ነበር። እሱ ጉንዳንም ምስጥም ቆፍሮ የሚበላ፣ የሁሉንም ጉድጓድና አመል የሚያውቅ ነው። ግን «ባለጉዳይ የሚበላ ሽማግሌ አንፈልግም» ብለው መለሱት። የሚያውቀውን አንዱን መለሱትና የማያውቁት ሦስቱ ቀሩ።

እትዬ ትርንጎ በደሏን ተናገረች። ማሩን አለች፣ ጎመኑን አለች፣ ጫጩቶቹን አለች። ጉንዳኖቹም አልካዱም። እንዲያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጩ፤ አንዷ ስለ ክዳኑ፣ አንዷ ስለ ላሞቿ፣ አንዱ ስለ መንገዱ። አባ ኤሊ ጆሮው ደነቆረ።

«ዝም በሉ!» አለ። «እናንተ ስድ አደጎች ናችሁ። ከዛሬ ጀምሮ በቤቱና በጓሮው ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል፤ ከአመዱ ወዲህ እንዳትሻገሩ። ይህ ፍርድ ግን ያለ ዋስ አይጸናም። ዋሳችሁ ማን ነው?»

ለጉንዳን ማን ዋስ ይሆናል? ይኸኔ ከሾላው ጥላ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አባቶቼ ከፈቀዳችሁ እኔ ልሁን።»

ዞር ቢሉ ነጭ፣ ለስላሳ፣ አንገቱን የደፋ ምስጥ ቆሟል። እጅ ነሣ። «ተቀመጥ» እስኪሉት አልተቀመጠም። ሲቀመጥም ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

«ጉንዳኖቹን ታውቃቸዋለህ?» አለ አባ ኤሊ።

«ሰዎች ዘመዳሞች ናችሁ ይሉናል» አለ ምስጥ።

«ዘመዳችን አይደለም!» ብላ ጮኸች ትንሿ ጥቁር ጉንዳን። «ምግባችን ነው! ባገኘነው ቦታ እንበላዋለን! እዚህ ቤት ያልገባው እኛን ፈርቶ ነው!»

«አያችሁ?» አለ ጃርት። «ሽማግሌ ፊት ትዝታለች!»

«ዋሷን እበላለሁ ትላለች!» አለ ቁራ።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው አባ ኤሊ ምስጡን።

«እኔ ምን እላለሁ አባቴ» አለ ምስጥ፣ አንገቱን ይበልጥ ደፍቶ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እንዴት ያለ ጨዋ ነው! እትዬ ትርንጎ ራሷ ልቧ ራራለት። ሲጮሁባት ለሰነበተች ሴት የማይጮህ ሁሉ መልአክ ይመስላታል።

በዚህ ጊዜ ከቤት ውስጥ፣ በተከፈተው በር፣ አንድ ወፍራም ድምፅ መጣ።

«አባቶች! እኔም የምናገረው አለኝ!»

«ማን ነው?»

«ምሰሶው ነኝ! ይህን ፍጥረት እኔ አውቀዋለሁ። ዱር ሳለሁ ወንድሞቼን—»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ አባ ኤሊ። «አንተ የዚህ ቤት ምሰሶ ነህ?»

«አዎ፣ የዚህ ቤት።»

«እንግዲያ የቤት ሰው ነህ። የቤት ሰው ለገዛ ቤቱ አይመሰክርም። ወጉ ይህ ነው።»

«ልመሰክር አይደለም፣ ልነግራችሁ ነው!»

«ወጉ ይህ ነው» አለ አባ ኤሊ። አለቀ። ወጉ ከተባለ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል ውኃ የሚያቀብል የለም።

እንዲህም ተፈረደ። ጉንዳኖቹ ከአመዱ ውጭ ይሁኑ። ምስጡ ደግሞ ዋስ ነውና ቤት ውስጥ፣ ከምሰሶው ሥር ይቀመጥ፤ ጉንዳን አመዱን ተሻግሮ ቢገባ የሚጠየቀው እሱ ነው። ምስጡ አመስግኖ ገባ። ብቻውን ነበር የገባው። ዘመዶቹ ግን ከመሬት በታች ይከተሉት ነበር።

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ ትርንጎ በየማለዳው አመድ ትነሰንሳለች፤ ጉንዳኖቹ ከአመዱ ማዶ ቆመው ያዩዋታል። ማሩ ንጹሕ ሆነ። ጎመኑ ለመለመ። ሌሎች ጫጩቶች ተፈለፈሉ። «ተመስገን» አለች።

አንድ ቀን ስትጠርግ ምሰሶው ላይ ከታች ወደ ላይ የወጣ የጭቃ መስመር አየች፤ ስስ ነው፣ በጣት የተመረገ ይመስላል።

«ውይ፣ ምሰሶዬን እየለቀለቀልኝ ነው!» አለች። «እንግዳ ማለት እንዲህ ነው እንጂ! እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።»

«ልቅለቃ አይደለም!» አለ ምሰሶው። «መንገዱ ነው! በውስጡ እየተመላለሰ ይበላኛል! ትርንጎ፣ እየተበላሁ ነው እልሻለሁ!»

«አንተ ደግሞ አመል ሆነብህ! እሱ አንድ ቀን ድምፁ አልተሰማም፤ አንተ ነህ ከማለዳ እስከ ማታ የምታጉረመርመው።»

ምሰሶው ሴትየዋ አልሰማ ብትለው ባልየውን ጠበቀ። አያ ደምለው ከእርሻ መጥቶ ጀርባውን አስደግፎ ሲቀመጥ፣ «ደምለው፣ ቀስ ብለህ ተደገፍ» አለው። «ውስጤ አልቋል። አመዱን ጥረጉና ጉንዳኖቹን ለአንድ ቀን አስገቡልኝ። አንድ ቀን ይበቃቸዋል፤ ለቅመው ይጨርሱልኛል።»

«በዋስ ላይ ክስ አይሰማም» አለ አያ ደምለው። «ሽማግሌ የጨረሰውን ነገር እንደገና ብታነሳ ሰው ምን ይለናል?»

«ምን እንደሚልህማ ጣራው ሲወርድብህ ትሰማዋለህ!»

አያ ደምለው ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። አቤት፣ አቤት! እዚያ ብኖር ኖሮ በገዛ ዱላው ምሰሶውን ኳ አድርጌ አሰማው ነበር። አንዲት ኳ! ግን ማን ሊያንኳኳ? ከውጭ ሲያዩት ምሰሶው እንደ ወትሮው ወፍራም ነው፤ ቅርፊቱ አልተነካም። ምስጥ ከውስጥ ጀምሮ ነው የሚበላው፤ ለሰው የሚታየውን ለመጨረሻ ያቆየዋል።

ስንዱ ሆዷ ገፍቶ መጣች። እናትዋ እልል አለች። ምሰሶው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አነጠፈችላት። ዝናቡም ጀመረ፤ የጣራው ሣር ውኃ ጠጥቶ ከበደ። ምሰሶው ከዚያ ወዲህ ምንም አልተናገረም። እትዬ ትርንጎ እንኳ «እፎይ፣ ይሄኛውም አመሉን ተወ» አለች።

አንድ ማለዳ ስንዱን ወገቧን ቆረጥ ቆረጥ አደረጋት። ምጡ ሊጀምር ነው። እትዬ ትርንጎ የቅቤውን ቅል በእጇ ይዛ ነበር፤ ልጇን ለመደገፍ ስትቸኩል ምሰሶው ላይ በተተከለው ኩላብ ላይ አንጠለጠለችው። ኩላቡ ከነቅሉ ወደቀ። ከኩላቡ ጋር የምሰሶው ቅርፊት እንደ እንጀራ ተቀርፎ መጣ። ውስጡ እንጨት የለም። ጭቃ ነው። በጭቃው ውስጥ ነጫጭ ምስጦች ይተራመሳሉ፣ አንድም ድምፅ ሳያሰሙ።

እትዬ ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምሰሶ!» አለች። «ምነው ዝም አልከኝ?»

«አሁን ልትወቅሺኝ ነው?» አለ ምሰሶው፣ በሹክሹክታ። «ከቅርፊቴ በቀር የቀረኝ የለም፤ እንዲያው በልማድ ነው የቆምኩት። ስናገር ይነቃነቃል። ልጅቷን አውጫት።»

«ወየው ጉዴ! እንዴት እንዲህ—»

«ትርንጎ! አሁን እንኳ አንዴ ስሚኝ! ልጅቷን አውጫት!»

ሰማችው። በመጨረሻ ሰማችው። ስንዱን በብብቷ ገብታ እየጎተተች በሩን አሳለፈቻት። «የስንዱ አባት! ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!» አያ ደምለው ምን ተፈጠረ ሲል፣ እንነጋገር ሲል፣ በካቦርቱ ይዛ አወጣችው። ሦስቱም ዝናቡ ውስጥ እንደቆሙ ቤቱ አንዴ ተንፍሶ ተቀመጠ። ማሩም፣ ቅቤውም፣ የገንፎው እህልም፣ መደቡም ከሥሩ ቀሩ። ምሰሶውም ቀረ።

ስንዱ የወለደችው በጎረቤት ቤት ነው። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። እትዬ ትርንጎ ግን የልጅ ልጇን የታቀፈችው በሰው ነጠላ፣ ለልጇ ያቀመሰችው የሰው ገንፎ ነው። ለዚያች ቀን ያን ሁሉ ጊዜ ስትሰናዳ ለኖረች ሴት ይህ ቀላል አይምሰላችሁ። አለቀሰች። እኔም ብሆን አለቅሳለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ሽማግሌዎቹ ፍርስራሹ ላይ ተሰበሰቡ። ጉንዳኖቹም ከአመዱ ማዶ ቆሙ። ዝናቡ አመዱን አጥቦት ነበር፤ ግን ተፈርዶባቸዋልና አልተሻገሩም። ስድ አደጎች የተባሉት እነሱ ናቸው እንግዲህ። ምስጡ ተጠራ። መጣ። እንደ በፊቱ አንገቱን ደፋ፣ እጅ ነሣ፣ «ተቀመጥ» እስኪሉት ጠበቀ።

«አንተ!» አለ አባ ኤሊ። «ዋስ አልነበርክም?»

«ነበርኩ አባቴ።»

«ታዲያ ዋስነትህን እንዴት አጎደልክ?»

«አላጎደልኩም» አለ ምስጥ። «ዋስ የሆንኩት ጉንዳን እንዳይገባ ነው። ከኔ ወዲህ ጉንዳን ገብቷል? እትዬ ይናገሩ።»

«አልገባም» አለች እትዬ ትርንጎ። አንድም አልገባም ነበር።

«ቤቱን ለምን በላህ?» ብሎ ጮኸ አያ ደምለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የጮኸው።

ምስጡም በዚያ ቀጭን ድምፁ እንዲህ አለ፤ «እኔ እንጨት ነው የምበላው። አባቴም እንጨት ነው የሚበላው። ዋስ ስታደርጉኝ አነጋገሬን አያችሁ፣ አቀማመጤን አያችሁ፣ አንገቴን መድፋቴን አያችሁ። ምን ትበላለህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አንድም የለም። ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር።»

ጃርት መሬት መሬቱን አየ። ቁራ ክንፉን መልቀም ጀመረ። አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ድንጋዩ ከተተ፤ ኤሊ መሆን ለዚህ ለዚህ ይጠቅማል።

እትዬ ትርንጎ ብድግ አለች። ሽማግሌዎቹን አላየቻቸውም፤ ባሏንም አላየችውም። ወደ ጉንዳኖቹ ዞራ፣ «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? ኑ፣ ግቡ!» አለቻቸው። ጉንዳኖቹ ጥቁሩም፣ ቀዩም፣ ገብረ ጉንዳኑም በአንድ ላይ ገቡ። እሷም ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ፣ ጉንዳኖቹ ምስጡን ሲበሉት፣ እሱም እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይጮህ ሲያልቅ አየች።

ተረቴ ይኸው ነው። ለሚሰማ ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ለማይሰማ ግን ልድገመው። የሚጮህባችሁን ስትሸሹ ዝም የሚለውን ሁሉ ቤት አታስገቡ። ሰው ደጃችሁ ሲቆም እንዴት እጅ እንደሚነሣ ሳይሆን ምን እንደሚበላ ጠይቁ፤ ምሰሶአችሁ ሲናገርም የቤት ሰው ነው ብላችሁ አትናቁት። በሉ፣ እኔ ጨርሻለሁ፤ የወሰደ ይውሰድ፣ የጣለ ይጣል፣ እኔን ግን ድገሚ እንዳትሉኝ።